ጨረሩ የቆመበት ቦታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሆሳዕና ውስጥ ስሜ ተቀይሯል። ድሮ «የቆዳዋ ሲስተር» ነበር የምባለው። አሁን ገበያ ስወጣ «ያቻት፣ ሕንድ ሄዳ ጨረሩን ያየችው» ይላሉ። አንዷ ጎረቤቴማ ጨረሩ ልብሴ ላይ ቀርቶ እንደሆነስ ብላ ለጥቂት ሳምንታት ልጇን አላስነካችኝም ነበር። ነገሩን ስሰማ ሳቅኩና ቤቷ ሄጄ አስረዳኋት። ዕድሜ ልኬን ስሠራ የኖርኩት ይኸንኑ ነው፤ ሰው የሚፈራውን ገላ መንካት፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማስረዳት።

ወርቅነሽ እባላለሁ። የተወለድኩት ሀቢቾ ነው። እቤታችን የሚነገረው ሀዲይሳ ነበር፤ አማርኛን የያዝኩት ከትምህርት ቤት ነው፣ እስከ ዛሬም ስናደድ የሀቢቾ ቅላጼዬ ብቅ ይላል። ነርስ ሆኜ ስመረቅ የተመደብኩት የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ሆነ። ማዋለጃ የደረሳቸው ጓደኞቼ አዘኑልኝ። እናቴ «ይህን ሁሉ ተምረሽ እዚያ?» ብላ አለቀሰች። እኔም አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ቀን ስገባ ሁለቱንም እጄን የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ነበር።

እዚያ የጠበቁኝ ጋሼ ሙሉጌታ ናቸው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ፣ ሀዲይሳውንም ከምባትሳውንም አቀላጥፈው የሚናገሩ የጤና ረዳት ነበሩ። በሽተኛ ሲገባ ብድግ ብለው እጅ ይሰጣሉ። ጣት የሌለውም ቢሆን የቀረችውን እጅ በሁለት እጃቸው ይይዟታል። «እጅ ያልሰጠሽውን ሰው ገላ አትንኪ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ይታጠባሉ፤ ቀኑ ብርድ ከሆነ መዳፋቸውን አሻሽተው ያሞቃሉ። ቀዝቃዛ እጅ ሲያርፍበት ሰው ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ደግሞ ሥጋ ደዌ ያወፈረውን ነርቭ በጣትሽ ስትፈልጊ ይጠፋብሻል።

በጥጥ መመርመርን የተማርኩትም ከእሳቸው ነው። የጥጧን ጫፍ በጣታቸው ያሾሉና በሽተኛውን ዓይኑን አስጨፍነው ቆዳውን ነካ ያደርጋሉ፤ ነካ ብቻ። በሽተኛው የተነካበትን ቦታ በጣቱ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ያ ቆዳ ደንዝዟል ማለት ነው። እኔ ስጀምር ጥጡን በቆዳው ላይ እጎትተው ነበር። «ወርቅነሽ፣ ቤት እየጠረግሽ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ነርቭ ሲዳስሱ ግን ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ራሳቸው ናቸው። ዓይን ይቸኩላል፣ ጣት ግን ይታገሳል ባይ ነበሩ። ሁልጊዜም ሁለቱንም ጎን ይዳስሳሉ፤ ቀኙን ከግራው ጋር ሳያስተያዩ ከአፋቸው አንድ ቃል አይወጣም።

ከሁሉ የያዝኩላቸው ልማድ ሌላ ነው። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አንድ ቀን እግሯ የቆሰለ ሴትዮ ስታለቅስ አዝኜ «ምንም አይደለም እማማ» አልኳት። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቁና፣

«ምንም እንዳልሆነ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«ላጽናናት ብዬ ነው ጋሼ።»

«የማታውቂውን አላወቅኩም በዪ። እናያለን በዪ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ እዪ። ምንም አይደለም ብለሽ ነገሩ ከባሰባት፣ ሁለተኛ የምትነግሪያትን ማን ያምንሻል?»

ይኼን ቃል እየተዛወርኩ በሠራሁባቸው ቦኖሻም፣ አዲሎም፣ በመጨረሻም ሆሳዕና ይዤው ኖርኩ። ቦኖሻ ሳለሁ ሞተር ሳይክል መንዳት ተማርኩ፤ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ስመጣ የገበያው ሴቶች ያጨበጭቡልኝ ነበር። አለቆቼም ብዙ ናቸው። አንዱ በሽተኛ ከማየት ሪፖርት ማየት የሚወድ ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ ደመወዝ ሲዘገይ ከእኛ ጋር ተቀምጣ የምታማርር፣ ግን አንድም ቀን መድኃኒት እንዲያልቅብን ያላደረገች ጎበዝ ሴት ነበረች። እነሱን እዚህ ላይ ልተዋቸው። እኔን የቀየሩኝ ሁለት በሽተኞች ናቸው።

የመጀመሪያው አቶ ላቸቦ ነው። አዲሎ ዋናው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪና ሲቆም መንገደኛው ወርዶ ሻይ እስኪጠጣ የተቀደደ ኪሱን ሰፍቶ ይሰጠዋል። ያየሁት ግራ ጉንጩ ላይ የነበረች ጠጣር ነገር አዲስ አበባ ተቆርጣለት ሲመለስ ነው፤ ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። ሐኪሞቹ የጻፉት ስም ረጅም ነው። ባጭሩ ከቆዳ የላብ ዕጢ የሚነሳ፣ ብዙ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ የማያየው የካንሰር ዓይነት ነው። አይቸኩልም፤ ዓመታት ይቆያል። ክፋቱ ክር ክር እየሆነ ከቆዳው ሥር ነርቭ ይዞ መሄዱ ነው። ሰው ከላይ ትንሽ ነገር ያያል፣ እሱ ከሥር ሩቅ ደርሷል።

አቶ ላቸቦ ጨረር እንዲታከም ታዞለት ነበር። በዚያን ጊዜ ጨረር ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው፤ አገሩ በሙሉ ነው የሚጠብቀው። ቁስሉን ለማሳየት በመጣ ቁጥር «ተራህ ይደርሳል» እለዋለሁ፤ እኔም የተነገረኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ፊቱን ስዳስስ ከዓይኑ ሥር ጣቴ ላይ አንድ ነገር መጣ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይወፍራል፣ ስትገፊው ግን ከጣትሽ ሥር ይንሸራተታል። ይኼ ቀጭን ነው፣ ግን አጥንት ላይ የታሰረ ጅማት ይመስል አይነቃነቅም። የዚያኑ ሳምንት ደብዳቤ አስጽፌ ይዤው አዲስ አበባ ሄድኩ። ተራው ሲደርስ ነገሩ ከዓይኑ ጀርባ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ አስቀምጦ ነገረን። እዚያ ድረስ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጨረር ከበሽታው ይልቅ እሱን ይጎዳዋል፤ ከእንግዲህ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው።

አዲሎ ቤቱ እየሄድኩ መርፌውን እሰጠው ነበር። ፊቱ በአንድ ጎን ወድቆ እንኳ ያላለቀ ሱሪ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ሲሞት ለቅሶው ላይ ሚስቱ ወይዘሮ በለጠች አጠገቧ አስቀመጠችኝና ሰው ፊት ሳትቆጣ፣ በቀስታ፣

«ሲስተር፣ ቶሎ ቢደርስ ይድን ነበር?» አለችኝ።

ጋሼ ሙሉጌታ ያስተማሩኝን እዚያ ላይ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«አላውቅም በለጠች» አልኳት። «ቶሎ ቢደርስ ግን ዕድል ነበረው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ እኔን ስታይ መንገድ አትቀይርም፣ ሰላምታም አትነፍገኝም። ግን ያ ጥያቄ ሲቆረቁረኝ ኖረ። ሆሳዕና ወዳለው የቆዳ ክሊኒክ ስዛወር ጣቴ ላይ ያንን የማይነቃነቅ ክር ይዤ ነው የሄድኩት።

ሆሳዕና ዶክተር ናትናኤል የሚባል ወጣት የቆዳ ሐኪም ተመደበልን። ልጄ ሊሆን የሚችል ነው፤ ግን እወቁኝ እወቁኝ አይልም፣ ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ያነበበውን ደግሞ ይነግረኛል። ተስማምተን ሠራን። አንድ ጠዋት የበሽተኛ ወንበር ላይ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሴት ተቀምጣ አገኘሁ። አማረች ትባላለች፣ ቦኖሻ አስተማሪ ናት። ለሰላምታ እጄን ስዘረጋ አየችው እንጂ አልጨበጠችኝም።

«እኔ እኮ ሲስተር …»

«አውቃለሁ፣ ካርድሽን አይቻለሁ። እጅሽን አምጪ።»

ሰጠችኝ። ከግራ ቅንድቧ በላይ ቆዳው ገርጥቶ ደንዝዟል፤ ሌላ ቦታ «ሥጋ ደዌ ነው» ተብላ መድኃኒቱን ሳታጓድል ውጣ ጨርሳለች። ምንም አልተለወጠም። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። አማቷ ብርጭቆዋን ለይተውላታል፤ እሷም ሳይነገራት ከልጆቿ ተለይታ መብላት ጀምራለች። ትምህርት ቤት ላይ ማንም እንዳያውቅባት ሻሽ ማሰር ለመደች። በዚያ ላይ ቀኝ ዓይኗን ሕፃን ሳለች ኩፍኝ አጥፍቶታል። የምታየው በግራው ብቻ ነው፤ የደነዘዘው ቆዳ ደግሞ ያለው ከዚሁ ከደህናው ዓይኗ በላይ ነው።

እጄን ታጥቤ አሞቅሁ። ጥጡን ነካ አደረግኩ፤ አላወቀችም። እዚህ ድረስ ሥጋ ደዌ ይመስላል። ቆዳውን በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አደረግኩት፤ አልነሳ አለኝ። የሥጋ ደዌ ቆዳ ሲቆነጥጡት ከሥሩ ይላቀቃል፣ ይኼ ከሥሩ ጋር ተሰፍቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ቅንድቧ አጥንት ወረድኩ። ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። አጥንቱ ላይ ያ ክር ነበረ።

ወጣ ብዬ ዶክተር ናትናኤልን ጠራሁት። ጣቱን ከጣቴ አጠገብ አሳረፈ።

«ሲስተር፣ እኔም መድኃኒቱ ምንም አለመለወጡ ሲያሳስበኝ ነበር» አለ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«አዲሎ አንድ ሰው ነበረኝ» አልኩት። የአቶ ላቸቦን ነገር ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ናሙናውን ከጥልቁ ወሰደ። ከላይ ከላይ ብቻ ቢወሰድ ይህ በሽታ አይገኝም።

ውጤቱ ሲመጣ አማረችን ከባሏ ከጴጥሮስ ጋር አስቀመጥናቸው። ጴጥሮስ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲጨንቀው ድምፁ የሚያንስ ሰው።

«ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ኖሮብሽም አያውቅም» አላት ዶክተሩ።

አማረች ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነው፤ ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አደረገችው።

«ካንሰር ነው» አለ ቀጥሎ። «ከማይገኙት ዓይነት ነው። ነርቭ ይዞ ወደ ዓይንሽ እየሄደ ነው።»

ጴጥሮስ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ግን፣ «እሱን እንኳ ለሰው መናገር ይቻላል» አለች። ወደ ባሏ ዞራ በሀዲይሳ፣ «ለእናትህ ንገራቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከልጆቼ ጋር እበላለሁ» አለችው።

አዲስ አበባ ሄዳ ቅንድቧ ከነቆዳው ተቆርጦ ወጣ፤ ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተተካላት። ግን የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ላይ በሽታው ነበረበት። ነርቩ ከዓይኗ ጉድጓድ ጣሪያ ሥር ወደ ኋላ፣ ወደ ራስ ቅሏ ውስጥ የሚሄድ ስለሆነ በቢላ መከተል አይቻልም። ቀጥሎ የሚመጣው ጨረር ነው። የጨረር ሐኪሙ አልሸሸገንም። እዚህ ባለው ጨረር መታከም ትችላለች፤ ሆኖም በሽታውን ለማጥፋት የሚበቃ መጠን ቢሰጣት የዓይኗን ነርቭና አንጎሏን የመጉዳቱ ዕድል ትንሽ አይደለም። ሌላ ዓይን ለሌላት ሰው ይህ ከባድ ነው። «ፕሮቶን የሚባል አለ፣ አገራችን ግን የለም» አለን።

ሆሳዕና ተመልሰን ጴጥሮስ ጥያቄውን ለእኔ አመጣ።

«ጨረር ጨረር አይደለም እንዴ ሲስተር? ምን ለየው?»

«የለመድነው ጨረር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይነካል። ፕሮቶን የሚባለው ግን እንደ ኃይሉ መጠን የሚጓዝበት ጥልቀት ይለካለታል። እዚያ ሲደርስ ያለውን ጉልበት አራግፎ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ አያልፍም።»

«ቁም ሲሉት የሚቆም?»

«ቁም የሚሉት አስቀድመው በሒሳብ ነው። ከተላከ በኋላ የሚሰማ የለም።»

«ዓይኗን ታዲያ ያድነዋል?»

«ዕድሉን ያሰፋዋል። ያድነዋል ብዬ አልምልልህም።»

ዶክተር ናትናኤል ምስሎቿን በስልኩ ደቡብ ሕንድ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ላከ፤ መልሱ መጣ፣ እንቀበላታለን አሉ። ወጪውን ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወንድሞቿና የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ተሸከሙት። በእኛ አካባቢ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ወንድሞቿ ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ «ሲስተር አብራት ትሂድ። እንግሊዝኛውንም ቁስሉንም ታውቃለች።» አለቃዬ ፊቱን አጨፈገገ፣ ለአንድ በሽተኛ ብሎ። ያልወሰድኩትን የዓመት ፈቃድ ሁሉ አንድ ላይ ጠየቅሁ። ፈረመልኝ።

ሕንድ እንደደረስን መጀመሪያ የሠሩላት ጭንብል ነው። ጠፍጣፋ፣ ወንፊት የመሰለ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩና ሲለሰልስ ፊቷ ላይ ይዘረጉታል፤ ሲቀዘቅዝ የእሷን ፊት መልክ ይዞ ይደርቃል። በየቀኑ ያንን አልብሰው ከጠረጴዛው ጋር ያስሩታል፣ ራሷ የፀጉር ስንጣቂ ያህል እንዳይነቃነቅ። ከጭንብሉ ሥር የአማረች ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ጠጋ ብዬ በሀዲይሳ፣ «አየር በአፍንጫሽ ይገባል፣ ቀዳዳው ክፍት ነው። መውጣት ከፈለግሽ እጅሽን አንሺ፣ ወዲያው ያወጡሻል» አልኳት። እጇን አነሳች። አወጧት። ዘወር ዘወር ብላ ተመለሰችና ራሷ ተኛች። ሁለተኛ እጇን አላነሳችም።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ጨረሩን የሚያወጣው አፍ በትልቅ ክብ ላይ ሆኖ በዙሪያዋ ይዞራል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጨረሩ ነው፤ ምን ይመስላል፣ ያቃጥላል ወይ። አይታይም፣ ድምፅም የለውም ማለት ይቻላል፣ ሲገባም አያምም። ጨረሩ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ረጅሙ ሥራ ማስተካከሉ ነው። ምስል ያነሳሉ፣ ካለፈው ጋር ያስተያያሉ፣ ጠረጴዛውን በጣም በትንሹ ያንቀሳቅሳሉ፣ እንደገና ያነሳሉ። እኔ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሜ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ማየት እወዳለሁ፣ አገሩ የትም ይሁን።

የማምሻ ሥራው የእኔ ነበር። ፕሮቶን የሚምረው ከቆመበት ወዲያ ያለውን ነው እንጂ ፊት ለፊት ያለውን ቆዳ አይምርም፤ በሽታውም እዚያው ቆዳው ላይ ስለነበር እንዲምርም አይፈለግም። ግንባሯ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ላጥ ማለት ጀመረ። ለብ ባለ ውሃ አጥባለሁ፣ ሳላሻሽ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፣ የታዘዘውን ቅባት እቀባለሁ፣ ጠዋት ጨረሩ ከመድረሱ በፊት አስለቅቃለሁ። ከአገር ያመጣነውን ዳቦ ቆሎ እየበላን ስለ ቦኖሻ እናወራለን። ስለ ተማሪዎቿ ስታወራ ድምፇ ይለወጣል።

ሕክምናው ከግማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ላይ ጠራችኝ።

«ሲስተር፣ መብራቱን አብሪው።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ፀሐይ አልጋዋ ላይ ነው ያለችው። የግራ ዓይኗ ቆብ አብጦ ገጥሟል፤ የላዩ ከታችኛው ተጣብቋል።

«ነግቷል አማረች» አልኳት። «ዓይንሽ አብጧል።»

«ጠፋ?»

ምንም አይደለም ማለት በሕይወቴ ያን ቀን ያህል አምሮኝ አያውቅም። «አላወቅኩም» አልኳት። «ቆቡ ስለገጠመ ይሆናል። ከውስጥ ያለውን እኔ ማየት አልችልም። አሁን ሄደን እናያለን።» እጇን ይዤ በኮሪደሩ ስወስዳት በሌላ እጇ ግድግዳውን ትዳብስ ነበር።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ከእኔ የሚቀራረብ ሴት ናት። ጠብታ ጨመረች፣ ጠበቀች፣ ቆቡን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ከፈተችው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር።

«ምን ታያለሽ በያት» አለችኝ።

ጠየቅኋት። «ሰማያዊ … የእጅ ጓንት» አለች አማረች። «ጓንቱ ትንሽ ተቀዷል።»

ሐኪሟ ጓንቷን አየችና ስተረጉምላት ሳቀች። ዓይኑ ደህና ነበር፤ ያበጠው ቆቡ ነው። ግን ፊቷ ስላበጠ ጭንብሉ አልገጥም አለ፤ አዲስ ምስል፣ አዲስ ጭንብል፣ አዲስ ሒሳብ ያስፈልጋል። አማረች አልፈልግም አለች። «ዛሬ ቆቡ ነው። ነገስ? ያየሁትን ጨለማ ሁለተኛ አላይም። ወደ ልጆቼ ውሰጂኝ።» ስልክ ስንደውል ጴጥሮስም፣ «ትምጣ፣ እንዳለች ትምጣ» አለ በዚያ በትንሹ ድምፁ። ሐኪሟ በበኩሏ ግማሽ ላይ ማቋረጥ የቀረውን ዘር እንደ መተው ነው አለች፤ ከዚህ በኋላ ዓይኑ አይጎዳም ብላም ቃል አልገባችም።

ምርጫው የእሷ ነበር። እኔ ግን የማውቀውን ሳላካፍላት እንድትመርጥ አልፈለግሁም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የአቶ ላቸቦን ታሪክ ነገርኳት። ለሌላ በሽተኛ ተናግሬው አላውቅም። በረንዳውን፣ ወረፋውን፣ ከዓይኑ ሥር ያገኘሁትን ክር፣ የሚስቱን ጥያቄ። አላባባልኩትም፣ እንዴት እንደሞተም ነገርኳት።

ስጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ በጠብታው ኃይል ስንጥቅ ያህል ተከፍቶ ነበር።

«እሱ ተራ አጥቶ ነው የሞተው» አለች። «እኔ ተራዬ ደርሶ ልሽሽ?»

ከዚያ ስልኩን ጠየቀችኝ፣ ለጴጥሮስ ራሷ ደወለችለት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሆን ብዬ ወጣሁላት። ስመለስ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣለች። አዲሱን ጭንብል ያን ቀን ሠሩላት። እስከ መጨረሻው ታከመች። ከዚያ በኋላም ዓይኗ ሁለት ሦስት ጊዜ አብጧል፤ ባበጠ ቁጥር «ሲስተር፣ ዛሬ መጋረጃው ወርዷል» ብላ ቀልዳ እጇን ትሰጠኛለች።

ወደ አገር ስንመለስ ቦኖሻ ላይ አማቷ ከደጅ ጠበቁን። አማረችን አስቀምጠው እሳቸው በጠጡበት ብርጭቆ ወተት ቀድተው ሰጧት። ጠጣችው።

ነገሩን አሳምሬ መጨረስ አልፈልግም። ቅንድቧ አልበቀለም፤ በእርሳስ ትስለዋለች፣ አንዳንዴ ከቀኙ ከፍ ይልባታል። ግንባሯ ዛሬም አይሰማውም። ዓይኗ ይደርቃል፤ ጠብታ ከቦርሳዋ አይለይም። በየጊዜው አዲስ አበባ ሄዳ የራስ ምስል ትነሳለች፤ እስካሁን በሽታው የለም። ሐኪሞቹ ድነሻል አላሏትም፣ የለም ነው ያሏት፤ እሷም ልዩነቱን ታውቀዋለች። ለእኔ ግን ይህ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ዶክተር ናትናኤል አሁን ደንዝዞ ከሥሩ የተጣበቀ ቆዳ ባየ ቁጥር ከጥልቁ ናሙና ይወስዳል፤ አዲስ የሚመደቡ ነርሶችንም ዓይናቸውን አስጨፍኖ ያስዳስሳቸዋል። ጡረታ ስወጣ ልቤ ያልተከፈለው ለዚህ ነው። ሥራው ቀጥሏል።

ባለፈው ሰሞን አማረችን ልጠይቃት ብዬ ሆሳዕና መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው በሰው ላይ ተቀምጧል። ቦኖሻ ወርጄ በእግሬ እስከ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው አስገባኝ። እረፍት ሰዓት ነው፤ ሜዳው በልጆች ሞልቷል፣ አማረች በወዲያኛው ጫፍ ከመምህራን ጋር ቆማለች። ይህን ሁሉ ሜዳ አቋርጬ ልደርስባት ነው ብዬ ገና በሩ ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ከወዲያ ማዶ ድምፇ መጣ።

«ሲስተር! ሹራብሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው!»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። ከሆሳዕና ጀምሮ ሚኒባስ ሙሉ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ መጥቷል፤ አንድም ያየው አልነበረም።